ጠመንጃው የሳተው ገበያ ላይ ነው

የኢትዮጵያን የጦር መሣሪያ ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ጠመንጃ ነው። ስንት ውጅግራ እንደገባ፣ ስንት ምንሽር እንደተገዛ፣ ከጠላት ስንቱ እንደተማረከ ይነግሩናል። ጥይት የሚነሳው ከጠመንጃው ቀጥሎ፣ እንደ ተከታይ ዕቃ ነው። ያ ሁሉ ጠመንጃ ያለሙበትን ይመታ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። ሲነሳም መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። አንዱ ጥፋቱን በተኳሹ እጅ ላይ ይጥላል፤ አበሻ ማነጣጠር አልተማረም ይላል። ሁለተኛው በብረቱ ላይ ይጥላል፤ አውሮፓ ያረጀ ጠመንጃዋን ሸጠችልን ይላል። ሦስተኛው የድሮ አዳኞች መልስ ነው፤ አውሬው ወይም ጠላት መድኃኒት ነበረው ይላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው። ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በአዳኝ እጅ የነበረ ጠመንጃ ሲስት፣ ከእጁም ከብረቱም በፊት መጠርጠር ያለበት ጥይቱ ነው። ጥይቱንም ያበላሸው ከፋብሪካው ይልቅ አራዳ ላይ የተገበያየበት መንገድ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያዋ የቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር ነበር። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ አሞሌ ጨውና አቡጀዲው፣ ፈረስና በቅሎው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ገበያው በነጋድራስ ይተዳደር ነበር፤ በዚህ ሹመት ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰጥቷቸዋል። በገበያው ዙሪያ የህንዱ መሐመድ አሊ ኩባንያ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ለቤተ መንግሥት የሚሠሩ ባለ እጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሠፈር ነበረ። ይህ አቀማመጥ ለክርክራችን ትርጉም አለው። ከባሕር ማዶ የሚያስመጣው ነጋዴ፣ በአደባባይ የሚለውጠው ገበያተኛና በመዶሻና በእሳት የሚሠራው ባለ እጅ በእግር አጭር መንገድ ይገናኙ ነበር። አንዲት ጥይት በሦስቱም እጅ ለማለፍ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም።

ወደዚህ ገበያ ዙሪያ የደረሰው መሣሪያ ከአንድ ምንጭ የመጣ አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን ከሰሜን ወደ መሀል አገር እየተሸጋገረ ቆይቷል። ባለ ቅኔው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ያመጣው ወደ 2000 የሚጠጋ ጠመንጃ ደግሞ ከዚያም ያረጀ ነበር። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ መሣሪያዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ እንደሆኑ፣ በቤልጅግ ሊየዥ ከተማ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኘው ሸዋ ላይ እስከ 40 ፍራንክ እንደሚሸጥ ገልጿል። ከዚያ በጅቡቲና በሐረር መንገድ የፈረንሳዩ ውጅግራ ጎረፈ፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን፣ ፈረንሳዮቹ ሳቩሬና ሸፍኑ በዚህ ንግድ ስማቸው የታወቀ ነው። በ1882 ዓ.ም. የብራስልስ ስምምነት ለአብዛኛው አፍሪካ የመሣሪያ ንግድን ሲዘጋ፣ ጣልያን የውጫሌን ውል ተገን አድርጋ ኢትዮጵያን በስምምነቱ ፈራሚ አድርጋ ማስመዝገቧ ለምኒልክ በሩን ክፍት አደረገላቸው። ሩሲያ በርዳን የተባለውን ላከች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደግሞ ከጣልያን ጦር በሺህ የሚቆጠር ቬተርሊ ተማረከ። ስለዚህ በ1890ዎቹ አንድ የአራዳ ገበያተኛ ዓይን የሚያርፍበት መሣሪያ የአምስት መንግሥታትን የፋብሪካ ታሪክ በአንድ ቦታ የሰበሰበ ነበር።

ብዛቱና ልዩነቱ በራሱ ጠመንጃን አያስትም። ጠመንጃ የሚያስተው አለመመሳሰል ነው። የዒላማ መምታት ምሥጢር ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነገርን በአንድ ዓይነት መንገድ መድገም ነው፤ እርሳሱ ክብደቱ አንድ፣ ባሩዱ ልኩ አንድ፣ ቀለሃው ቅርጹ አንድ ከሆነ፣ ጠመንጃው ወደ ግራም ይምታ ወደ ቀኝ ጥፋቱ የታወቀ ይሆናል፤ የታወቀ ጥፋት ደግሞ ይታረማል። ታዲያ ወደ ኢትዮጵያ የገቡትን መሣሪያዎች ልኬት ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ችግሩ ወዲያው ይታያል። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ የግብፁ ሬሚንግተን ከ11 ትንሽ ከፍ ያለ፣ የሩሲያው በርዳን 10.7፣ የጣልያኑ ቬተርሊ 10.4 ናቸው። በዓይን ሲታዩ እርሳሶቻቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ቀለሃዎቻቸው ግን ርዝመታቸውም ቅርጻቸውም ስለሚለያይ የአንዱ ጥይት በሌላው ጠመንጃ አይጎርስም። ሙሉው ጥይት አልገባ ስለሚል ብቻ ከሆነ ገዢው ስህተቱን እዚያው ያውቅ ነበር። ክፋቱ እርሳሱ ከቀለሃው ሲላቀቅና ሌላ ቀለሃ ላይ ሲሰካ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚቀጥን እርሳስ በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝ ቦይ አይጨብጥም፤ ሳይሽከረከር ይወጣል፤ ሳይሽከረከር የወጣ እርሳስ በአየር ላይ ይገለባበጣል። ኋላ ላይ የመጡት ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሱ ጠመንጃዎችም ከዚህ አልዳኑም። የፈረንሳዩ ለቤል፣ የኦስትሪያው ማንሊኸርና የጀርመኑ ማውዘር ሦስቱም 8 ሚሊ ሜትር ተብለው ይጠሩ ነበር፤ የሦስቱም ጥይት ግን የተለያየ ነው። በማውዘር ውስጥ እንኳ መጀመሪያ የተሠራው እርሳስ 8.07፣ ከ1897 ዓ.ም. በኋላ የመጣው 8.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለነበር የአንዱ ፋብሪካ ሁለት ዘመን እርስ በርሱ አይስማማም።

አሁን ወደ ገበያው ልዩ ጠባይ እንመለስ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ጥይት ገንዘብም ነበር። ከጠገራ ብር በታች የሆነውን ዋጋ ለመክፈል አሞሌ እንደሚሰጠው ሁሉ የውጅግራ ጥይትም ይሰጥ ነበር፤ የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ደጋግመው ጽፈውታል። ይህ ነገር ለገበያተኛው ምቹ ነው፤ ለተኳሹ ግን መከራ ነው። ጠገራ ብርን የሚቀበል ሰው በላዩ የታተመውን የንግሥት ምስል፣ በዘውዷና በትከሻዋ ያለውን የዕንቁ ነጠብጣብ ቆጥሮ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል፤ ብሩ ሳይጎዳ ይፈተናል። ጥይት ግን ተፈትኖ የሚታወቀው ሲተኮስ ነው፤ ከተተኮሰ ደግሞ የለም። ስለዚህ በእጁ ሁለት ጥይት ያለው ሰው፣ አንዷ አዲስና የምታብረቀርቅ፣ ሌላዋ የጠወለገችና አንገቷ የተጣመመ ብትሆን፣ የትኛዋን ለቅቤ ሻጯ እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። መልካሟን በዝናሩ ያስቀራል፤ ያጠራጠረችውን ያሻግራል። ተቀባይዋም እንዲሁ ታደርጋለች። በዚህ ዓይነት የገበያው ጥይት እየተዘዋወረ በሄደ ቁጥር ጥሩው እየተመረጠ ይወጣል፤ መጥፎው እየተጠራቀመ ይቀራል። መጥፎ ገንዘብ መልካሙን ከገበያ ያስወጣል የሚለው የኢኮኖሚ ሊቃውንት አባባል አራዳ ላይ በመዳብና በባሩድ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ከዝውውሩ በተጨማሪ መታደሱ አለ። የውጅግራ ቀለሃ ወፍራም የናስ ቀለሃ ስለሆነ ከተተኮሰ በኋላ ተመልሶ ይሞላል፤ ባዶ ቀለሃም ዋጋ የነበረው ለዚህ ነው። ባለ እጁ እርሳሱን ያቀልጣል፣ በአገር ባሩድ ይሞላል፣ እሳት የምታስነሳውን ቆብ ይተካል። ይህን ሥራ ማናናቅ አይገባም፤ ከቴዎድሮስ የጋፋት ሠራተኞች ጀምሮ ብረትና ባሩድን የሚያውቅ ባለ እጅ በአገሩ ነበረ። ምኒልክም ባለ እጅን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እያለ የሚሳደበውን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የእጅ ሥራው ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ያሳያል። ሆኖም ጥያቄው የባለ እጁ ብልሃት አይደለም፤ ሚዛን ነው። የፈረንሳይ ፋብሪካ በእያንዳንዱ የውጅግራ ጥይት 5.25 ግራም ያህል ባሩድና 25 ግራም ያህል እርሳስ ያስገባ ነበር፤ እርሳሱም በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ፍጥነት ይወጣል። በመስፈሪያና በዓይን ግምት የተሞላ፣ ፍሬው የደቀቀ ወይም እርጥበት የነካው ባሩድ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ቢያወርደው፣ በ200 ሜትር ርቀት ላይ እርሳሱ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይወድቃል። ይህ ሚዳቋን ከሆዷ በታች አልፎ ለመሬት ለመስጠት ይበቃል። የሚቀጥለው ጥይት ደግሞ የፋብሪካው ዋናው ሆኖ ቢገኝ ከፍ ይላል። አዳኙ ሁለቴ በአንድ ዓይነት ጥንቃቄ አልሞ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ ይመታል።

የጠመንጃ ሥራ አዋቂ መሣሪያው ለምን እንደሚስት ሲመረምር የሚከተለው ሥርዓት እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጠናል። መጀመሪያ ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አሳርፎ ከአንድ ሳጥን የወጡ አምስት ያህል ጥይቶችን ወደ አንድ ነጥብ ይተኩሳል። ጥይቶቹ ተሰባስበው ግን ከነጥቡ ርቀው ካረፉ፣ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነው፤ የፊተኛውን ትንሽ ገፋ አድርጎ ያርመዋል። ከተበታተኑ ደግሞ ብሎኑ ላልቶ እንደሆነ፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ ወይም በእርጥበት አብጦ በርሜሉን እየገፋ እንደሆነ፣ አፈሙዙ ተፈርፍሮ እንደሆነ፣ የበርሜሉ ውስጥ በዝገት ተበልቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ያያል። አንዱን ብቻ እየለወጠ ሌላውን ሳይነካ ይሄዳል። የዚህ ሁሉ መሠረት እኩያ ጥይት ነው። ጥይቱ ራሱ እየተለዋወጠ ከሆነ መበታተኑ ከምን እንደመጣ መለየት አይቻልም። አራዳ ላይ አምስት ጥይት በአምስት ቅዳሜ ከአምስት ሰው የተቀበለ አዳኝ ይህን ምርመራ ሊያደርግ አይችልም። አምስት እኩያ ጥይት ቢኖረውም እንኳ፣ ለሙከራ መተኮሱ የቤቱን የጨውና የቅቤ መግዣ መሬት ላይ መበተን ነው። ስለዚህ የጥይቱ ጉድለት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ዒላማውን ያስታል፣ ቀጥሎ የመሳቱን ምክንያት ይሸፍናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከብረቱ በኩል ይመጣል። ራምቦ ራሱ ያረጀ ዕቃ እንዳመጣ ከመሰከረ፣ ጥይቱን ለምን እንከሳለን? ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ጥቁር ባሩድ ከተቃጠለ በኋላ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጥላሸትና ጨው ይሆናል፤ ከዚህም ከፊሉ በጭስ ሲወጣ ከፊሉ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፤ ይህ ዝቃጭ እርጥበት ይስባል፣ በክረምት ጭጋግ ሌሊቱን ካደረ ብረቱን ይበላዋል። የሚያጸዳው ሙቅ ውኃ ነው፤ ቅቤ ወይም ሞራ ብቻ መቀባት ጨውን ከሥር ያስቀረዋል። ሬሚንግተንን የመሰለ መሣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወለወለው ከአፈሙዙ በኩል ስለሆነ የብረት ዘንግ አፉን እየፋቀ ያበላሸዋል። ይሁን እንጂ ውጅግራ በተሠራበት ዘመን የታላቅ መንግሥት ጦር መሣሪያ ነበር፤ ከራሱ ጥይት ጋር ሲገናኝ አንድ አዳኝ ሊተኩስ በሚችልበት ርቀት ሁሉ በቂ ነው። እርጅናም ቢሆን አንድን ጠመንጃ በአንድ መንገድ ያበላሻል፤ ባለቤቱ ጠባዩን እየለመደ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ የሚጥለውን ወደ ግራ አልሞ ያቀናዋል። በየተኩሱ የሚለዋወጥን ጥይት ግን ማንም ሊለምደው አይችልም። ዛሬም አንድ የቆየ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጥሩ ጥይት ሲያገኝ መሣሪያው የዳነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተኳሹን እጅ የሚከስ ነው። አንዳንድ የውጭ ታዛቢዎች አበሻ ሲተኩስ ከፍ ያደርጋል፣ ማነጣጠሪያውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ብለዋል። ከፍ ብሎ መምታቱን መካድ አያስፈልግም፤ ምክንያቱን ግን መሣሪያውም መልክዓ ምድሩም ይነግሩናል። የዘመኑ የጦር ጠመንጃ ማነጣጠሪያ የተሰናዳው በሜዳ ላይ በሩቅ ለተሰለፈ እግረኛ ጦር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለጀርመን ጦር በተሠራው ማውዘር ዝቅተኛው እርከን 400 ሜትር ነበር፤ በዚህ ዝቅተኛ እርከን 200 ሜትር ላይ ያለን ነገር በትክክል ያነጣጠረ ሰው ከሩብ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ይመታል። ማነጣጠሪያውን ያከበረ አዳኝ ይስታል፤ ያላከበረና በልምዱ ዝቅ አድርጎ ያለመ ይመታል። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ አደን ብዙው በገደልና በሸለቆ ነው። ቁልቁልም ሽቅብም ሲተኮስ እርሳሱን ወደ ታች የሚስበው ኃይል የሚሠራው በአግድም ርቀቱ መጠን ብቻ ስለሆነ፣ በስሜን ገደል ላይ ቆሞ ከታች ያለን ዋልያ ያለመ ሰው ጥይቱ ከግምቱ በላይ ያልፍበታል። የአዲስ አበባ 2400 ሜትር ከፍታና ቀጭን አየሩም ወደዚያው ያዘነብላል፤ ይህኛው ግን በአደን ርቀት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በአጭሩ፣ ከፍ ብሎ መምታት የእጅ መሃይምነት ሳይሆን ለሌላ ሥራ የተሰናዳ ማነጣጠሪያ ውጤት ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያስት፣ ጥይት ያልቸገረው ሰው በጥቂት ሙከራ ሊያርመው የሚችል ጥፋት ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ጥይቱ ይህን ያህል የተበላሸ ከነበረ ጣልያን አድዋ ላይ እንዴት ተሸነፈ? ሁለት የጣልያን ጄኔራሎች፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ፣ የወደቁት በማን ጥይት ነው? መልሱ የመንግሥትን ግምጃ ቤት ከገበያው መለየት ነው። ለዘመቻ የተዘጋጀው ጥይት በሳጥን የመጣ፣ በዓይነቱ የተከማቸና ለየጦሩ የታደለ ነበር፤ ገና የቅዳሜን ገበያ አላየም። ጦርነት ደግሞ በብዛት ተጠግቶ መተኮስ ስለሆነ የአንዲት ጥይት መሳት ውጤቱን አይገለብጠውም። በተቃራኒው ወገን ያለው ታሪክም ለክርክራችን ምስክር ነው። የጣልያኑ ጦር አዛዥ የባራቲየሪ ወታደሮች አዲሱ 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ እያለ አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው የዘመቱት በመጋዘን የተጠራቀመው የድሮ ጥይት እንዲያልቅ ተብሎ ነው ይባላል። ማለትም የትኛው ጠመንጃ በማን እጅ እንደሚገባ የወሰነው የጥይት ክምችት ነበር። አዳኙ ግን ግምጃ ቤት የለውም። በአደን ያለው ዕድል አንድ ወይም ሁለት ተኩስ ነው፤ የሚተኩሰውም ገበያ ላይ ያገኘውን ነው።

ይህን ችግር አዳኞቹ ያለ መሣሪያ ሊቅ እርዳታ ተረድተውት ነበር ለማለት የአደን ልማዳቸው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ዝሆን አደን በሰልፍ፣ በብዙ ጠመንጃ፣ በጣም ተጠግቶ የሚደረግ ነበር፤ ግዳይ ማን ጣለ የሚለው ክርክርና ዳኝነትም ከዚያ የመጣ ነው። የማያስተማምን ጥይት ያለው ሰው ርቀቱን ያሳጥራል፣ የተኳሹን ቁጥር ያበዛል። በተመሳሳይ ዘመን በምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ ዝሆን ያደነው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በአነስተኛ 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ብቻውን ብዙ ዝሆን በመጣል ታውቋል። ቤል በጻፋቸው መጽሐፎች ደጋግሞ የሚያመሰግነው የጀርመን ፋብሪካ ጥይት ፈጽሞ አሳፍሮት እንደማያውቅ ነው። በእሱና በአገሬው አዳኝ መካከል ያለውን ልዩነት በድፍረት ወይም በዓይን ብርታት መፈለግ ከንቱ ነው፤ አንዱ እኩያ ጥይት ነበረው፣ ሌላው አልነበረውም። መድኃኒት ነበረው የሚለው የሦስተኛው ወገን መልስም ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ሁለት ጊዜ በእኩል ጥንቃቄ አልሞ አንዱን የመታ፣ ሌላውን የሳተ ሰው፣ እጁንም ብረቱንም ያመነ ከሆነ፣ ምክንያቱን ከማይታይ ነገር ቢፈልግ ሞኝነት አይደለም። ምክንያቱ በእርግጥ አይታይም ነበር፤ በቀለሃው ውስጥ ተዘግቶ ነበርና።

ክርክሩ እውነት ከሆነ የጥይቱ ሥርዓት ሲለወጥ የመሣሪያው ስምም መለወጥ አለበት። የሆነውም ይኸው ነው። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ዕቃ በሳጥኑ እንዳለ ከጅቡቲ ከተማው ውስጥ መግባት ቻለ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የመሣሪያ ንግድን ለመቆጣጠር ግዴታ ገባች፤ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣልያን ጋር የመሣሪያ ማስገቢያ ውል ተፈራረመች። በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ ከቤልጅግ የተገዛ ማውዘር ሲይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጦር፣ አንድ ጠመንጃና አንድ ዓይነት ጥይት ተገናኙ። ቤልጅግ የተባለው ጠመንጃ በኢትዮጵያ ያተረፈው ክብር በብረቱ ጥራት ብቻ አይገለጽም። የቀደሙት ውጅግራና ሬሚንግተንም በዘመናቸው ከጥሩ ፋብሪካ የወጡ ነበሩ። ቤልጅግን የለየው ከነጥይቱ መምጣቱና ጥይቱ መክፈያ ገንዘብ ከመሆን በወጣበት ዘመን መድረሱ ነው። በዚያን ጊዜ የወረቀት ብርና ሳንቲም እየተስፋፋ ነበርና ጥይት ወደ ተፈጠረበት ሥራ ተመለሰ።

የጣልያን ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ወራሪው ሕዝቡን መሣሪያ ለማስፈታት ሲደክም፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወረው፤ አራዳም ለነጮች ሱቅና ሲኒማ ተለቅቆ ፒያሳ ተባለ። አርበኛው በበኩሉ ከጠላት የማረከውን ጥይት ከማረከው ጠመንጃ ጋር እያገናኘ ተዋጋ፤ ይህም ቢሆን ጠመንጃን ከጥይቱ ምንጭ ለይቶ ማሰብ እንደማይቻል የሚያስረዳ ነው። ከነጻነት በኋላ አደን በፈቃድ ሥር ገባ፤ ዛሬም የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሱ የጥንቱ ገበያ አካላዊ ምልክት እየቀነሰ ሄዷል። ይህም የንግዱን ታሪክ ከሕንፃዎቹ ይልቅ ከተገበያዩት ዕቃዎች ጠባይ ማንበብን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ለታሪክ ጸሐፊም ለሙዚየም ሠራተኛም የሚጠቅም አንድ ልማድ ነው። በየግምጃ ቤቱና በየቤቱ የተሰቀለ ውጅግራ ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ያዘው ወይም ስንት ግዳይ ጣለ ብቻ መሆን የለበትም፤ ምን ይጎርስ ነበር፣ ጥይቱስ ከግምጃ ቤት ነው ወይስ ከቅዳሜ ገበያ የመጣው መባል አለበት። በዝናር ውስጥ የተገኙ ቀለሃዎች ተመሳሳይ ከሆኑ ባለቤቱ የመንግሥት ወይም የባለጸጋ ወታደር እንደነበር መገመት ይቻላል፤ የተደባለቁና ደጋግመው የተሞሉ ከሆኑ ደግሞ ገበያውን ያየ ሰው ነው። ይህን ጥያቄ ስንዘነጋ አንድን ሕዝብ በማነጣጠር ድንቁርና የሚከስ ፍርድ ሳይመረመር ይተላለፋል። ስንጠይቅ ግን በአራዳ የነበረው አዳኝ በፋብሪካ ሚዛን ሳይሆን በገበያ ሚዛን የተሞላ ጥይት ይዞ እንደወጣ፣ ያም ሆኖ ተጠግቶና ተባብሮ ግዳይ የሚጥልበትን ብልሃት እንዳገኘ እንረዳለን።